«ኒ»ን የዋጠችው ረሂማ

ረሂማ ፖሊስ ጣቢያ የገባችው ተደብድባ ነው፤ የወጣችው ግን ደብዳቢ ተብላ ነው። ይህን ያደረገው ጉቦ አይደለም፤ የሐሰት ምስክርም አይደለም። አማርኛችን ነው። እስቲ ተረጋግቼ ላውራችሁ፤ ይህን ነገር ሳነሳ ደሜ ስለሚፈላ መረጋጋቱ ባይሆንልኝም።

እኔ ናፊሳ እባላለሁ። ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር ውስጥ አባያ፣ የሴቶቹን ጥቁር መደረቢያ፣ እሰፋለሁ፤ ከሱቄ በላይ ያሉትን ክፍሎች ከአገሬ ልጆች ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ረሂማ የወረባቦ ልጅ ናት። ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ቪላ ትሠራ ነበር። እመቤቲቱን እንደ ሁሉም ሠራተኛ «ማማ» ነበር የምትላት።

ማማ በእጇ አትመታም፤ እጇን ያማታል። የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን ቱቦ ነቅላ ነው የምትመታው። ቱቦው ከራቃት የስልክ ቻርጀር ገመድ አለ፤ እሱም ከሌለ የጫማ ተረከዝ አለ። እንግዳ እንዳያይባት ፊት አትነካም፤ ጀርባ፣ ጭን፣ ውስጥ እግር ላይ ነው የምታሳርፈው። ረሂማ ቀና ብላ ካየቻት «ትደፍሪኛለሽ?» ብላ ትመታታለች፤ ካላየቻት «ስናገርሽ እዪኝ!» ብላ ትመታታለች። ከመምታቷ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ረሂማ ያንን ድምፅ ስትሰማ አንገቷ በራሱ ይደፋል፤ ምላሷም አብሮ ይታሰራል። እኛ ጋ መጥታ እንኳ ከመካከላችን አንዷ ጉንፋን ይዟት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ረሂማ የያዘችውን ሳህን ትጥል ነበር።

አንድ ቀን የባልየውን ቶብ፣ ረጅሙን ነጭ ቀሚሱን፣ ስትተኩስ አንገትጌውን አሳረረችው። ማማ መጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ካውያውን ከእጇ ተቀብላ ክንዷ ላይ አስቀመጠችው። አስቀመጠችው ነው የምላችሁ፤ ልብስ ላይ እንደሚቀመጠው። ሥጋው ሲጮህ ሰማሁ ትላለች ረሂማ። ከዚያ በባዶ እግሯ ጎዳና ወጥታ ሮጠች፤ አላፊ አግዳሚው ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም ትላለች። ውሃ ሰጣት፤ ወንበር ሰጣት። «ማነው የመታ?» አላት በዓረብኛ። እሷም «አና ማማ ደረብ» አለችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። በአማርኛ ካሰባችሁት ልክ ናት፦ እኔን፣ ማማ፣ መታች። የእኛ ልጆች ዓረብኛ ከትእዛዝ የተለቀመ ነው፤ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ሂጂ፣ ዝም በይ። ማን ማንን እንደመታ የምትለየውን የቃል ጭራ ማን ያስተምራቸዋል? ዓረቡ ግን የሚሰማው በራሱ ቋንቋ ደንብ ነው፤ እሱ የሰማው «እኔ ማማን መታሁ» የሚል ነው። ደንግጦ «አንቺ ነሽ ማማን የመታሽ?» አላት። ረሂማ ከጥያቄው የያዘችው «ማማ» እና «መምታት» የሚሉትን ብቻ ነው። በመጨረሻ ገባው ብላ ደስ አላት፤ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀችለት። «አይዋ! አይዋ!» አዎ፣ አዎ ማለቷ ነው።

ወዲያው ማማ ጉንጯ ላይ ፋሻ ለጥፋ ደረሰች፤ ሠራተኛዬ በካውያ አቃጠለችኝ ብላ ጮኸች። እኛ ሁላችን ጉንጯን ራሷ ያቃጠለች መሰለን። ያቺ ሴትዮ ይህም አይከብዳትም ብለን ነበር።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ሱወይዲ የሚኖር ሃሺም የሚባል ያገራችን ሰው፣ እዚሁ ሸምግሎ መኖሪያ ፈቃዱ የጸና፣ ዋስ ሆኖ አስወጣትና እኔ ጋ አመጣት። ከእሱ ጋር ልጁ አስማ መጣች። አስማ ሪያድ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዓረብኛዋ እንደ ማር ይንቆረቆራል፤ አማርኛዋ ግን ያስቃል። በዩኒቨርሲቲዋ የንግግር ክበብ ውስጥ አለች፤ ሰው ፊት ቆማ መናገርን ሥራዬ ብላ ተለማምዳ ተሸልማበታለች። እኔን እናቷ የምሆነውን «አንቺ ኻላ»፣ አንቺ አክስቴ፣ ነው የምትለኝ፤ እርስዎ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ብዙ ጊዜ ልቆጣት አስቤ ትቼዋለሁ።

«አስተርጓሚ አይኖርም እንዴ?» አልኩት ሃሺምን።

«ይኖራል ተብሏል» አለኝ። «ጣቢያም ይኖራል ተብሎ ነበር።»

አስማ የረሂማን ቃል አስደግማ ሰማች። ከዚያ «ኻላ ናፊሳ፣ ሁሉም ነገር እዚህች «ኒ» ላይ ነው ያለው» አለችኝ። «ደረበትኒ ማለት መታችኝ ነው። «ኒ»ን ከዋጠች፣ ደረበት፤ መታች፣ ማንን? አይታወቅም። ፈርታ መሐሉንም ከዋጠች ደግሞ ደረብት ይሆናል። መታሁ ማለት ነው። ዳኛው ፊት ድጋሚ መታሁ ካለች፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ረሂማ ደግሞ ስትፈራ ቃል የምትውጥ ልጅ ናት። እኔ እንኳ ውሃ ይስጡኝ ስትል «ውሃ» የምትለዋን ብቻ ነበር የምሰማት። የእስራቷና የነጻነቷ ነገር በአንዲት ቅንጣት ድምፅ ላይ ተንጠለጠለ። ቀጠሮው ደግሞ ቀርቧል።

ልምምዱ ተጀመረ። አስማ ከትምህርት መልስ ትመጣለች፤ ባትመጣ በስልክ ድምፅ ትልካለች። እግርሽን ገጥመሽ አትቁሚ፣ ከሆድሽ ተንፍሺ፣ የቃሉን መጨረሻ አትጣዪው፣ አንድ ፊት መርጠሽ እዪ። መጀመሪያ ሰሞን «ፈገግ በይ» ማለትም ነበረባት፤ ክበባቸው ውስጥ እንደዚያ ነው የሚባባሉት። «ክንዷ ተጠብሶ ፈገግ ትበል? ምን ልትሸጥ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ቀላች፤ ከዚያ ወዲያ ፈገግታ የሚባል ነገር አላነሳችም።

እኔም የራሴን ዘዴ አመጣሁ። የስፌት ማሽኔ አሮጌ ነው፤ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጠው የፉጣ መንገድ በሙሉ ይሰማዋል። ረሂማን ከሱቁ በር አቁሜ እረግጠዋለሁ። ከማሽኑ በላይ «ኒ»ን ከሰማኋት አቆማለሁ፤ ካልሰማኋት እቀጥላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዴም አላቆምኩም። ጨርቅ ተበላሸብኝ፤ ደንበኛ ተሳደበ። ረሂማ ጉሮሮዋ ደም ደም እስኪል ትጮኻለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ከፋኝና «አንቺ ዱዳ ነሽ እንዴ!» አልኳት። እንደገና ቆመች። በማግስቱም ቆመች፤ ከዚያም በኋላ። አንድ ከሰዓት ማሽኑ ሙሉ እየጮኸ «ደረበትኒ!» የምትል ነገር ጆሮዬን መታችኝ። ፔዳሉን ለቀቅኩ። ሁለታችንም ተያየንና ሳቅን፤ ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነገር ግን ማሽን ሰው አይደለም፤ ማሽን አይቆጣም። አስማ ይህን ቀድማ አውቃው ነበር። «አሁን የሚቆጣት ሰው ያስፈልጋል» አለች። ዓርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ከየአሠሪያቸው ቤት ፈቃድ የወጡት ሴቶች ጣራ ላይ ተሰበሰቡ፤ እነሱ ችሎት ሆኑ። ማማ ማን ትሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በመጥፎ ድምፄ ተመረጥኩ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ያ ሂማራ!» አልኳት፤ አንቺ አህያ ማለት ነው። የረሂማ አንገት ወዲያው ተደፋ። «ደረብት» አለች በቀጭኑ።

«ታሰርሽ!» ብለው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። «ግቢ እስር ቤት! የሚቀጥለው!»

ሳምንቱን እንዲህ ከረምን። እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ ትውጣለች፣ ሴቶቹ ያስሯታል። ከልቤ እልህ ያዘኝ። ለእሷ ብዬ እየተሳደብኩ መሆኑን ረስቼ እውነተኛ ማማ ወጣኝ። በሚቀጥለው ዓርብ የጎማ ቱቦ ቁራጭ አነሳሁ፤ ልመታት አልነበረም፣ ላስፈራራት ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ እጄን ከፍ አደረግኩ።

ከዚያ የሆነው በጣም ፈጣን ነው። የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ይህች ውሃ ስጡኝ ማለት የሚያቅታት ልጅ እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ቱቦውን ነጠቀችኝ፤ በሌላው እጇ ሻሼን ከነጸጉሬ ጨብጣ ከጣራው ግንብ ጋር አጋጨችኝ። አፍንጫዬ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቅኩ። ደረቴ ላይ ተቀምጣ ፊቴን ደጋግማ መታችው። ደም አፌ ውስጥ ገባ፤ ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለች። ዓይኖቿ እኔን አያዩም ነበር። «አሁንስ? አሁንስ ያቃጥላል?» ትላለች፤ ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድም ፊደል ሳትውጥ። ሴቶቹ ተረባርበው ሲያነሷት አንዷን ነክሳለች።

ስትረጋጋ ፎጣ አምጥታ ደሜን እየጠረገች እግሬ ላይ ወደቀች። «እትዬ ናፊሳ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን አይደለም፣ ወላሂ እርስዎን አይደለም።» እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የመታችኝ እጅ ማመንታት አያውቅም፤ ከዚህ በፊት አንዴ የሠራው ሥራ ነው።

«ረሂማ» አልኳት፤ «የማማን ጉንጭ ማነው ያቃጠለው?»

ፎጣውን ጨመቀችው። «ክንዴ ላይ አስቀምጣው ስታነሳው ልትደግመኝ ነበር። ነጠቅኳት። ፊቷ ላይ ለጠፍኩት።» ትንሽ ቆየችና «አንዴ ብቻ» አለች።

አብራን የነበረችው አስማ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ለካ ፖሊሱ በስሕተት የጻፈው ነገር እውነትም ነበር። የጎደለው ሌላው ግማሽ ነበር፤ የረሂማ መመታት።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ጠብ ነገሠ። ሃሺም ልናስክዳት መሆኑን ሲሰማ ራሱን ይዞ «በአላህ ፊትስ?» አለ። እኔ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ጮህኩበት። «እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ? ያቺ ሴትዮ ስንት ዘመን ደብድባት በአላህ ፊት አላፈረችም!» አስማም ከእኔ ጋር ሆነች። የሚባለው ተወሰነ፦ ደረበትኒ ትላለች፤ ዳኛው አንቺስ መተሻታል ወይ ካላት «ላ» ትላለች፤ አይደለም ማለት ነው። ፖሊሱ ዓረብኛዬ ስላልገባው ነው ትላለች። አለቀ።

«ላ»ን ተለማመድን። ከሁሉ የምታጥረው ቃል ናት፤ ምንም የሚዋጥ ጭራ የላትም። ረሂማ ደረበትኒ ስትል የጎረቤት መስኮት ይከፈታል፤ እኔ በተጠቀለለ አፍንጫዬ ቱቦ ይዤ እየጮህኩባትም አንገቷ አይደፋም ነበር። «ላ» ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ይሞታል። «ከሆድሽ!» ትላታለች አስማ። «ከሆዴ እምቢ አለኝ» ትላለች ረሂማ።

ቀኑ ደረሰ። ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው። ዳኛው ሸይኽ ወረቀት ያገላብጣል፤ ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አስተርጓሚው በእርግጥም መጥቶ ከጥግ ተቀምጧል። ማማ ከጠበቃዋ ጋር ገባች። ጉንጯ ላይ የካውያው ጫፍ ጠቁሮ ቀርቷል። ጠበቃው ስልኩን እየነካካ ነው።

ዳኛው ረሂማን «ጣቢያ ቃልሽን በዓረብኛ ሰጥተሻል። እስቲ የሆነውን ራስሽ ንገሪኝ፤ ያቃተሽን አስተርጓሚው ይጨምራል» አላት።

ረሂማ ተነሣች። በዚያች ቅጽበት ማማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሆን ብላ ነው እላለሁ፤ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም። የረሂማ አንገት መውረድ ጀመረ። የአስማ ጥፍር ጉልበቴ ላይ ተሰካ። «በያ፣ ያላ፣ ያላ» እላለሁ በሆዴ። አንገቷ መሐል ላይ ቆመ። እግሯን ከፈት አደረገች፤ አንገቷ ወደ ላይ ተመለሰ።

«ደረበትኒ፣ ያ ሸይኽ።»

«ኒ» የክፍሉን ግድግዳ ደረሰች። ቀጠለች። በቱቦ መታችኝ፣ በገመድ መታችኝ፣ በጫማ መታችኝ። በካውያ አቃጠለችኝ። እያንዳንዱን ቃል ከነጭራው አወጣችው፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየች። እንባዬ መጣ። ዙሪያዬን ሳይ ግን ጸሐፊው ይጽፋል፤ ዳኛው ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ጠበቃው ስልኩ ላይ ነው። በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው መሰለኝ።

«አንቺስ?» አለ ዳኛው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «መተሻታል?»

«ላ» አልኩ እኔ በከንፈሬ። «ላ» ትላለች አስማ በከንፈሯ። ረሂማ ወደ እኛ አላየችም። የመረጠችው ፊት የማማ ነበር።

«ነዓም» አለች። «ደረብቱሃ።»

አዎ፣ መታኋት። ይህን ቃል አስማ አላስተማረቻትም፤ እኔ በማሽን አላለማመድኳትም። ጭራውን ከሌሎቹ ቃላት ተምራ ራሷ የገጠመችው ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለውም። የጸሐፊው ጣቶች ቆሙ። ጠበቃው ስልኩን አስቀመጠ። ዳኛው ቀና አለ።

ቀጥሎ ያለውን በአማርኛ ተናገረች፤ አስተርጓሚው ተከተላት። «ክንዴ ላይ ያሳረፈችውን ካውያ አነሣችው። ልትደግመኝ ስትል ነጠቅኳትና ፊቷ ላይ መታኋት።»

ማማ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሣች። «ውሸታም! ልደግማት አልነበረም!» ብላ ጮኸች።

ጠበቃዋ ልብሷን ጎተተ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ዳኛው ወደ እሷ ዞረ። «ልትደግሚያት አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ፤ ለጸሐፊውም «ጻፈው» አለው።

በሌላ ቀጠሮ ማማ ተፈረደባት። አለቀሰች፤ ዘመዶቿ ደግፈው አወጧት። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት የረሂማ ፍርድ ተነበበ። ራሷን መከላከሏ ተቆጥሮላታል፤ ፊት ላይ ያሳረፈችው ምት ግን ከመከላከል ያለፈ ነው ተባለ። ትንሽ ታስራ ወደ አገሯ ተርሒል ትሁን፣ ትባረር ማለት ነው። «ላ» ብትል ኖሮ ነጻ ትወጣ ነበር። እጇን ይዘው ሲወስዷት በእልህ ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ከታሰረችበት ደወለችልኝ። ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረስኳትም። «አንቺ ሞኝ!» አልኳት። «አፍንጫዬን ሰጥቼሽ፣ ጥርሴን ሰጥቼሽ፣ አንዲት «ላ» ማለት ያቅትሽ? እውነተኛ ነኝ ልትባዪ ነው? ማን ሊሸልምሽ?»

ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ድምፅዋ ግን ከሁሉ በላይ ጥርት ብሎ መጣ።

«ለእውነት ብዬ አይደለም፣ እትዬ ናፊሳ። «መታችኝ» ስላቸው ጻፉት። «መታኋት» ስላቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።»